ያልፈላው የግመል ወተት

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፈርቻለሁ። ባለፈው ወር የሥራ ባልደረባዬ ሆዳን፣ ሽንሌ ከተማ ወዳለው እናቷ ቤት ወስዳኝ ነበር። ገና የታለበ የግመል ወተት ቀረበልኝ። ጭስ ጭስ የሚለው ጣዕሙ ደስ ብሎኝ ደጋግሜ ጠጣሁ።

ዛሬ እያስተማርኩ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ትኩሳትም ያዘኝ። ሆዳን በባጃጅ ሐኪም ቤት ስትወስደኝ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት፤ እርጉዝ ነኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስላስወረደኝ፣ አዲስ አበባ ላለው ባሌ እንኳ አልነገርኩትም።

«ወላሂ፣ ብትነግሪኝ ወተቱን አፍልቼ እሰጥሽ ነበር!» ብላ አለቀሰች።

ሐኪሟ ስለ ወተቱ ስነግራት «ካልፈላ ወተት የሚመጣ፣ ለፅንስም የሚያሰጋ በሽታ ሊሆን ይችላል» ብላ ለምርመራ ደም ወሰደች። ከዚያ የፅንሱን ልብ አሰማችኝ። ይመታል። ትኩሳቴ ግን አልበረደም፤ ውጤቱም የሚደርሰው ነገ ነው። ባሌ እየደወለ ነው። ምን ብዬ ላንሳው?