በገመቹ ደረት ላይ የሄደው ሜዳሊያህ

ውዴ አሰፋ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ፤ ባለፈው እሑድ ተዝካርህን አወጣን። ዛሬ ቤቱ ጭር ሲልልኝ የቀብርህን ዕለት ልነግርህ ተቀመጥኩ። አብረን ካሳለፍነው ሁሉ አንተ ያላየኸው እሱን ብቻ ነውና።

ሃያ ዓመት ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለህ ናዝሬት ስትገባ ሻንጣህ ውስጥ ሁለት ሜዳሊያ ነበር። አንዱ በንጉሡ ጊዜ የተሸለምከው፣ ዘውድ ያለበት፤ ሌላው ከአብዮቱ በኋላ ለረዥም አገልግሎትህ የተሰጠህ። ዘውድ ያለበትን በምን እንዳገኘኸው ስጠይቅህ፣ «ሥራዬን ሠርቼ ነዋ» ብለህ ወሬ ትለውጥ ነበር። ሰው በናዝሬት ሙቀት ሲያማርር ግን «ምጽዋን ያላየ!» እያልክ ትስቃለህ። ሳቅህ ናፈቀኝ።

አስከሬንህ ከቤት ሊወጣ ሲል ልጃችን ሰናይት ሁለቱንም ሜዳሊያ በትራስ ይዛ ከፊት ቆመች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠጋ ብሎ፣ «ዘውድ ያለበት አደባባይ አይወጣም፤ አንሱት» አላት። ልናገር ስል ወንድምህ፣ «ለልጆቹ ስትዪ» ብሎ እጄን ያዘኝ።

ያኔ ከወለንጪቲ የመጣው የመርከብ ጓደኛህ ገመቹ ከድንኳኑ ተነሣ። ዘውድ ያለበትን ከትራሱ አንሥቶ የራሱ ኮት ላይ ሰካው። የሸሚዙን ኮሌታ ገልጦ የተቃጠለ አንገቱን አሳየ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የመርከቡ ሞተር ክፍል ሲነድ ሁሉም ሮጦ ወጣ፤ እኔ እሳቱ ውስጥ ቀረሁ። ተመልሶ ገብቶ ያወጣኝ ይኼ የተኛው ሰው ነው። የተሸለመውም ለዚያ ነው። ከፈለጉ ከደረቴ ላይ ይንቀሉት።»

ሊቀመንበሩ ጠባሳውን አየና ከመንገዱ ዞር አለ።

ገመቹ እስከ መቃብርህ ከፊትህ ሄደ። አፈር ስትለብስ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔንስ አንጀቴን ያሳረረኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ነው። ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ሰናይት ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች፤ በቁመት በልጣኛለች። ለትንሹ ልጃችን ለዮናስ ዋና ላስተምርህ ብለኸው አልነበር? ገመቹ ሶደሬ ወስዶ አስተማረው። ውሃው ላይ ሲዘረጋ ትከሻው ቁርጥ አንተን ሆነብኝ፤ ፊቴን አዙሬ በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

አሰፋዬ፣ ያልነገርከኝን ሁሉ ገመቹን እየጠየቅሁ ለልጆችህ እነግራቸዋለሁ። እኔ እያለሁ በዚህ ቤት ስምህ ሳይነሣ አይመሽም።

ሚስትህ አበበች