በኅዳር ማን ይገምሳል

ለእኅቴ ለአትክልት፣ ጎንደር

እታለም፣ እንዴት ሰነብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ብቻሽን ትወጫለሽ ወይስ አሁንም የልጆቹን ክንድ ትደገፊያለሽ? ጋሼ ተድላንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሩቲም ደኅና ናት። ደኅና ያልሆነውን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁ። በጽሑፍ ይሻለኛል፤ ስታነቢው ፊትሽን አላይም።

የኦቦ ደቻሳ ማሳ የለም። አባታችን ያረፈ ጊዜ የእኛ ግቢ ጠቦ የለቅሶውን ድንኳን በእሳቸው ግቢ የተከሉልን ሰውዬ፣ ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን ጠዋት፣ ስንዴው ሊታጨድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዶዘር ገባባቸው። ዶዘሩን የላክሁት እኔ አይደለሁም። እጃቸውን አጣጥፈው እንዲጠብቁት ያደረግሁ ግን እኔ ነኝ።

በሰኔ መጨረሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡ። በሠፈራችን የእንግሊዝኛ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ የሰው ማመልከቻ ላይ አራት ነጥብ ሲጎድል እንኳ እንደማልታገሥ ታውቂያለሽ። ደብዳቤው አንድ ድርጅት በአካባቢው ቦታ ተመርቶ በኅዳር «መሬት ይሰብራል» ይላል። መሬት መስበር ገመሳ ነው አልኩ፣ የመጀመሪያው እርሻ። አበባ ሊተክሉ ይሆናል፣ ጎረቤት መጣልዎት አልኳቸው። ኦቦ ደቻሳ ሳቁ። እንደ ልማዳቸው መምህርነቴን በኦሮምኛ ጠርተው፣ «ባርሲሳ፣ በኅዳር ማን ይገምሳል? በኅዳር እኮ እህሉ ማሳ ላይ ነው» አሉኝ። የጻፈው ፈረንጅ ነው፣ የእርሻ ወቅት ከየት ያውቃል ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ቅሬታ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያመልክት የሚለውንም አንብቤላቸዋለሁ፤ በሰው እርሻ ላይ ምን ቅሬታ ይኖርዎታል የምትል ከራሴ ጨምሬ። እሳቸውም ስንዴያቸውን ዘሩ።

ዶዘሩ የመጣ ቀን ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። «መሬት መስበር» ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው እኔ ያልኩት ነው። ሁለተኛው፣ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ፣ ግንባታ መጀመር ይላል። ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ለሚመልስ ተማሪ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜሮ ስሰጥ ኖሬ፣ ያቺን አንድ መስመር ማንበብ ተሳነኝ። ፊደል ያልቆጠሩት ሽማግሌ ስሕተቴን በአንድ ጥያቄ ነግረውኝ ነበር።

ድርጅቱንም ቢሆን አልምረውም። ለሱሉልታ ገበሬ በእንግሊዝኛ መጻፍ ምን ይባላል? ቢሯቸው ሄጄ ጮኽኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ፣ «አባት፣ ቀኑ እኮ በደብዳቤው ላይ ተጽፎ ነበር» አለችኝ። ተጽፎ ነበር። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ኦቦ ደቻሳ አሁን ሰንዳፋ፣ ልጃቸው ደራርቱ ዘንድ ናቸው። ባለፈው እሑድ ሄድኩ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ «ተወው፣ መጀመሪያ ብላ» አሉኝ። አንቺንም ጠየቁ። በጣም ከስተዋል። ጠረጴዛው ላይ ከዚያው ድርጅት የመጣ ሌላ ደብዳቤ ነበር፣ አሁንም በእንግሊዝኛ። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። ደራርቱ ቀደም ብላ አነሳችው፤ «አይድከሙ መምህር፣ የሚያነብልን ሰው አግኝተናል» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ወደ በሩ ይመለከቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የበላሁት እህል ምን እንደነበረ አላውቅም።

እታለም፣ ደውይላቸው። ድምፅሽን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። የእኔን ስም ግን አታንሺባቸው።

ጋሼ ተድላን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ጋቢያቸውን ሳይደርቡ ደጅ እንዳይቀመጡ። ኪዳነወልድን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ቲቲንም እንዲሁ፤ የእንግሊዝኛ ውጤቷን ግን ዘንድሮ አልጠይቃትም። ሩቲ እጅሽን ትስማለች።

ወንድምሽ ፍቅረሥላሴ
ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.