የቱላ ውሃና የጋሼ ደምሴ ምክር

ጥር 6

ጠዋት ከቱላ የመጡ እናቶች ቢሮዬ በር ላይ ጠበቁኝ። ባዶ ጀሪካን ይዘው! ቧንቧው ከደረቀ ሰነበተ።

"ታቢታ፣ መርጠን ምክር ቤት የላክንሽ ለዚህ ነው?" አለች አንዷ።

እውነቷን ነው። የውሃ ኃላፊ ያደረጉኝም የቱላ ልጅ ናት ተብሎ። እንዴት ልንገራቸው? መስመሩን ወደ አዲሱ ሆቴል ያስዞሩት የፓርቲያችን አለቃ ጋሼ ደምሴ ናቸው። በስልክ። "ለጊዜው ነው" ብለው። ተከራክሬ ነበር... መጨረሻ ላይ እሺ አልኩ።

ከመምህርነት አውጥተው ፖለቲካ ያስገቡኝ እሳቸው። ባለቤቴ ኤልናታን ሊያገባኝ ሲል ሽማግሌ ሆነው አባቴ ፊት የቆሙትም እሳቸው። እሳቸውን እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

ጥር 11

ጋሼ ፒያሳ ማኪያቶ ጋበዙኝ። የፓርቲው ግምገማ ደርሷል።

"የቱላ ነገር ይነሳል። ቀድመሽ ግለ ሂስ አድርጊ። የክትትል ጉድለት ነበረብኝ፣ መስመሩ የዞረው በኔ ጥፋት ነው በይ።"

"ያስዞርኩት እኔ አይደለሁማ፣ ጋሼ!"

"አውቃለሁ። የኔ ስም ከተነሳ ግን ብዙ ሰው ይነካል። ጥፋቱን ባመነ ሰው ላይ ማን ይጨክናል? በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። እኔ አለሁልሽ።"

አለሁልሽ... አባት አይደሉ? እሺ አልኳቸው።

ጥር 15

ግምገማው ላይ ተነስቼ አልኩት። ልክ እንደመከሩኝ። ጋሼ እጃቸውን ሲያወጡ ደስ አለኝ። ሊከላከሉልኝ ነው ብዬ... ሞኝ!

"ታቢታ ልጄ ናት። ግን ጥፋቷን ራሷ አምናለች። ሕዝብ ውሃ ሲጠማው ዝምድና አይሠራም። ከኃላፊነት ትነሳ።"

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ሁሉም እጅ አወጣ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ጥር 16

ስልኬ አንዴም አልጮኸም።

ጥር 28

ቱላ፣ እማዬ ቤት። "ኃላፊዋ ጥፋቷን አመነች" ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ወሬ አቆሙ። ጀሪካን ይዛ ቢሮዬ የመጣችው ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ "በስንት ሸጥሽው?" አለችኝ።

እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል? ከራሴ አፍ የወጣ ነው። የሥልጣኑ ወንበር ይቅር፣ ያለሱም እኖራለሁ። ስሜን ግን ማን ይመልስልኛል? እዚህ ነው የተወለድኩት። ተቃጠልኩ...

የካቲት 12

ጋሼ ሽማግሌ ላኩብኝ! ያኔ ለኤልናታን ሊጠይቁኝ አባቴ ዘንድ የመጡት ሰዎች ናቸው፣ እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩት።

"ደምሴ አዝኗል። ይቅር በዪው ልጄ።"

"ይቅር እላለሁ። ቱላ ይምጡና ሕዝብ ፊት ውሃውን ያስዞርኩት እኔ ነኝ ይበሉ።"

"እሱማ ፖለቲካ ነው። እኛ የመጣነው ለቤተሰብ ነገር ነው።"

"ልጄ ናት ያሉት እኮ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው።"

ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ ደጋግመው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። በዕድሜዬ ሽማግሌ መልሼ አላውቅም። ዛሬ ግን መለስኳቸው።

እማዬ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። "ምነው ልጄ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ትሸኛቸዋለሽ?"

"ከየት አምጥቼ፣ እማዬ?"