የሻምበሉ ሸሚዝ

ጥቅምት 14 ቀን 1933

ሙቀት። ከእንግሊዙ ሻምበል ፊሊፕ ጋር ወርደን ከመተማ ወደ ሱዳን ያመለጡ ገበሬዎችን አነጋገርን። አስተረጎምኩ። ጣልያን ማሽላቸውን እሸቱን ለበቅሎ አጭዶባቸዋል። መተማ ስለቀሩት አባባ ጠየቅኳቸው። አሉ፣ ደኅና ናቸው... ተመስገን።

ከሰዓት ከሃምሳ አለቃ ሃሪ ጋር ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር አረፍን። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው። አማርኛ አስተምረኝ ይላል። የያዘው "እንደምን አደርክ" ብቻ፤ እሱንም የሚለው ሲመሽ ነው።

ሻምበሉ ሲያልፍ ሃሪ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሻምበሉ ፊቱን አዞረ። ለምን?

ጥቅምት 17

ሃሪ ዛሬ ነገረኝ። እሱና ሻምበሉ ለንደን አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚኖሩት! ፊሊፕ የከሰል ጉድጓድ ያለው ባለርስት ልጅ ነው።

"አሽከሮቹን ትቶ መጥቶ ከእኔ ጋር ድንች ይልጥ ነበር" አለኝ። "ድሃና ሀብታም የሚባል ይቀራል ብለን ነበር።"

ለሥራ አጦች ሰልፍ ወጡ። ጣልያን እኛን ሲወር ደግሞ "ሐበሻን አትሽጡ" ብለው ጮኹ፤ በፖሊስ ዱላ ተመቱ።

"ከዚያስ?"

"ማን ሰማን? እሱም ተስፋ ቆርጦ አባቱ ቤት ገባ። ጦርነት ሲመጣ እሱ ሻምበል፣ እኔ ይኸው።"

እኛ አገር ጥለን ስንሸሽ ለእኛ የሚጮህ ሰው ነበር ለካ... እጁን ያዝኩት።

ጥቅምት 29

ከመተማ ፊት ለፊት ያለው ገላባት ከጣልያን ተነጠቀ። መተማ አልተያዘም። የሞተው ሰው... መጻፍ አልቻልኩም።

ኅዳር 11

ሃሪን ወባ ጣለው። እናቱን ይጠራል። ሻምበሉንም ያንቀጠቅጠዋል። ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል በሚሄደው ካሚዮን ላይ የቀረው ቦታ አንድ፣ እሱም የመኮንን።

"ትዕዛዝ ነው" አለ ነጂው።

ሻምበሉ ማዕረግ ያለበትን ሸሚዙን አወለቀ። "አዛናው፣ ሃሪን ቀና አድርግልኝ" አለኝ። እየተንቀጠቀጠ አለበሰው፤ ቆለፈለት።

ሃሪ ዓይኑን ገለጠ። "ፊል... ይሄ ልብስ ለእኔ አይሆንም።"

"ዝም በል። ልክህ ነው።"

ነጂው አያቸው፣ አያቸው... ከዚያ ለሃሪ የመኮንን ሰላምታ ሰጥቶ ጫነው።

ሻምበሉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስተኛሁት።

ኅዳር 16

ሻምበሉን ትኩሳቱ ለቀቀው። ደፍሬ ጠየቅሁት፤ "ያኔ ከሃሪ ጋር ይሉት የነበረውን አሁንም ያምኑበታል?"

"አላምንም" አለ። "ሃሪን ግን እወደዋለሁ።"

"ነግረውታል?"

"እንዴት ብዬ?"

የካቲት 2

መተማ ገባን! ጣልያን ለቆ ሄደ። የቤታችን ጣራ የለም። አባባ ግን በር ላይ ቆመው... አቀፉኝ፣ አልለቅ አሉኝ።

ሃሪ ከስቶ ግን ድኖ መጣ። ሁለቱ እኛ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ወዲያው ክርክር።

"ከጦርነቱ በኋላ የከሰሉ ጉድጓድ የሠራተኛው ይሆናል!"

"አይሆንም! እነአባቴ አይለቁም!"

"አንተስ? ከማን ጋር ልትቆም ነው?"

ጩኸት በጩኸት። ሃሪ ጣቱን ፊቱ ላይ ቀሰረበት። ሻምበሉ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ።

አባባ ደነገጡ። "ኧረ ልጄ፣ አለቃውን እንዲህ ሲናገር አይገድሉትም? ምን ሆነው ነው የተጣሉት?"

"አልተጣሉም አባባ" አልኳቸው። "ገና ዛሬ መታረቃቸው ነው።"