ኩላሊቴና የግቢያችን ውርጭ

ታኅሣሥ 2
ዛሬም ፀሐይ ላይ ዋልኩ። የልብ ድካም... ድንገት... አዲስ አበባ አስሮጠው የተዘጋውን የልቤን ደም ሥር በሽቦ ከከፈቱልኝ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ክብርት ወይዘሮ ፀደንያ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ እንደተሰጣ ብቅል በረንዳ ላይ! ባሌ ዘርአ ዳዊት ፀሐይዋን እየተከተለ ወንበሬን ያዞራል። ደስ ይላል።

ታኅሣሥ 4
ሆስፒታል፣ ለደም ምርመራ። ዶክተር ሌይላ ልጅ እግር ናት። "እማማ" አለችኝ! እኔን?

ልቤ ደኅና ነው አለች። ያሰጋት ኩላሊቴ ነው። ደም ሥሬን ለማየት የረጩት ቀለም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል አሉ። ክሬቲኒን የሚሉት ነገር ደሜ ውስጥ ከፍ ብሏል።

"እኔ እኮ ምንም አላመመኝም!"

"እርስዎ ሳይሰማዎት ደምዎ ቀድሞ ይናገራል።"

ስንት ዘመን ያበላሁት ደም... አሳበቀብኝ።

ትእዛዝ፦ ውሃ መጠጣት፣ ደኅና አድርጎ። በሳምንቱ ድጋሚ ምርመራ። ካልወረደ አዲስ አበባ ተመልሼ መተኛት፤ ከባሰ እጥበት። እጥበት...

ታኅሣሥ 7
መጠጣቱስ ይጠጣል። ማን ያወጣዋል? ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ነው፣ ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር የጋራ። የደብረ ብርሃን ታኅሣሥ ደግሞ ይታወቃል። ጠዋት ሣሩ ነጭ፣ የበሩ ብረት እጅ ይቆርጣል። ስለዚህ ኃላፊዋ ጥልቅ ጥናት አካሂደው ወሰኑ፦ አልጠጣም፣ አልወጣም።

ዘርአ ዳዊት ጆጉን ይሞላል። እኔ ዘወር ሲል መስኮቱ ሥር ላለችው ጤና አዳም አጠጣለሁ። አምሮባታል።

ታኅሣሥ 11
ክሬቲኒኑ ጨመረ።

"ውሃ ጠጥተዋል?"

"በጣም!"

"እኔ ራሴ ነኝ የምሞላላት፣ ጆጉ ባዶውን ነው የሚመለሰው" ብሎ መሰከረ ባሌ። ምስኪን።

የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። "ይህን ሁሉ ጠጥተው ከጨመረ ጥሩ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ልጻፍልዎ።" ብዕሯን አነሳች። ዘርአ ዳዊት ኮፍያውን አወለቀ። እናቱ የሞቱ ዕለት ነው እንዲህ ሲያወልቅ ያየሁት።

"አልጠጣሁም" አልኩ።

"ምን?"

"ሽንት ቤቱ ውጭ ነው... ብርዱ..."

ልጅቷ በሣቅ ፈረሰች። "እኔ የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ፣ የቆላ። ወላሂ፣ እዚህ ስመደብ እኔም እንደዚሁ ነበር ያደረግሁት! ፖፖ የለም እንዴ?"

"አለ" አለ ባሌ። "ክብሯን ፈርቼ ነው ያላወጣሁት።"

ጥቂት ቀን ሰጠችኝ። መንገድ ላይ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ጤና አዳሟን ግን በውሃ ብዛት ገደልሻት" ብቻ አለኝ።

ታኅሣሥ 12
ፖፖ ገባ፣ በነጠላ ተሸፍኖ። አከራያችን እትዬ አሰለፈች አየችው።

"አንተ ዘርአ ዳዊት! ምን ተሸክመህ ነው?"

"ድስት ነው፣ እትዬ።"

"ታዲያ እኛንስ ቅመሱ አትሉም?"

ትራስ ነክሼ ሣቅሁ። አዲሱ ሽቦ ይህንንም ቻለ።

ታኅሣሥ 13
ጠጣሁ። ወጣ። ጠጣሁ። ሌላ ታሪክ የለኝም።

ታኅሣሥ 15
ወረደ! አዲስ አበባ ቀረ። ዶክተር ሌይላ ውጤቱን ሁለቴ አየችው፣ እኔ አራቴ አየሁት፣ አንዴም አልገባኝም፤ ፊቷን ነበር የማነበው። "በዚሁ ይቀጥሉ" አለች።

ስንመለስ ባጃጁ መሃል ከተማ ሲደርስ... ያው። "ወንድሜ፣ አቁም!" ፊት ለፊት ሆቴል አለ። ዘበኛው፣ "ምን ነበር እናቴ?"

"ሽንት ቤት!" አልኩ፣ በስብሰባ ድምፄ። በረንዳው ላይ ማኪያቶ የያዘ ሁሉ ዞረ። አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኳቸው።

ስወጣ ዘርአ ዳዊት ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"ባጃጁ እየጠበቀን ነው እኮ!"

"ይጠብቅ። ጠጪ።"

ጠጣሁ።