ዱኒያ ከቀኝ ያነበበችው መጽሐፍ

ይድረስ አዲስ አበባ ለሚገኘው ታላቅ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ። ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህስ? የአዲስ አበባ ብርድ ያሳብጣል ይላሉ፣ ባለፈው በላክኸው ፎቶ ጉንጭህ ከፍሬሙ ወጥቷል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰፈራችን ሳቢያን እንደተውካት ናት። ሙቀቱም አለ፤ እሱ እንዳንተ አይደለም፣ ቤቱን አይለቅም። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው፣ ስምህን ሳታነሳ አትውልም። ማርያንም ደህና ናት፤ ሚስትህን ማለቴ ነው፣ ከረሳሃት ብዬ።

ሰላምታው አለቀ። አሁን ልቆጣ።

መጽሐፎቹ ደርሰዋል። የአውቶቡሱ ረዳት እንደ ጫት በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከላዩ ደግሞ ያንተ ወረቀት፦ ይሄ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይመከራል፣ ያኛው ለአስር ይቆይ። አቦ! አንተ ከመቼ ወዲህ ነው መካሪ የሆንከው? እኔን እንኳ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያባረሩኝ፤ አንተ ማንም ሳያባርርህ ከስድስተኛ ነው የወጣኸው። የመድኃኒት ቤት ሰውዬ መሰልክ እኮ፣ ይሄን ከምግብ በፊት፣ ያንን ከምግብ በኋላ።

ከመከርካቸው አንዱ እጁን ስለሚታጠብ ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይታጠባል። ልጅህ ዱኒያ ትንሽ አነበበችና፣ አጎቴ፣ ይሄ ልጅ ምን ነክቶ ነው? አለችኝ። መጽሐፉ አሁን የቴሌቪዥኑን እግር ደግፎ ይዟል። ጥሩ ሥራ አግኝቷል።

ባለሥዕሉ ግን ሌላ ነው። ገጹ ሁሉ በሥዕል ሳጥን የተከፋፈለ፣ ሰዎቹ ከአፋቸው በሚወጣ አረፋ ውስጥ የሚያወሩበት ያ ልብ ወለድ። ልጅህ ይዛው አልለቀቀችም። ቀን ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ሲያዘጋ፣ ትልልቁ ሰው ሲጋደም፣ እኔ ባጃጄን ዛፍ ጥላ ሥር አቆማለሁ፣ እሷ የኋላው ወንበር ላይ ትወጣለች፣ የሰፈሩ ውሪ ይከባታል። ሶማልኛ ለሚሰማው በሶማልኛ፣ ኦሮምኛ ለሚሰማው በኦሮምኛ እየገለበጠች ታነብላቸዋለች። ዋሪያ፣ እንዲህ ያለች አንባቢ እንደወለድክ ታውቃለህ? የት ሰምተሃት!

አንድ ነገር ብቻ። ከቀኝ ነው የምታነበው። ቁርዓን ቤት የለመደችው እጇ ነው። የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ በፊደሉ መንገድ ትሄዳለች፤ ሥዕል ሲሆን ግን ከኋላ ትከፍትና ሳጥኖቹን ከቀኝ ወደ ግራ ትከተላለች። ታሪኩ ደግሞ የሚጀምረው አንድ አባት ልጁን አቅፎ ተሰናብቶ በባቡር ሲሄድ ነው፤ የሚያልቀው ልጅቷ ባዶ ቤት ብቻዋን ስትቀመጥ። በዱኒያ አነባበብ ልጅቷ መጀመሪያ ብቻዋን ናት። ቀስ በቀስ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ባቡሩ የኋሊት ይመጣል፣ አባትየው ወርዶ ያቅፋታል። አለቀ። ውሪው ያጨበጭባል። ንግግሩ አልገጥም ሲላት ከራሷ ትጨምራለች። እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። ሳቄን አፍኜ ለጓደኞቼ ላወራው ነበር፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ፊቷን አየሁና ተውኩት። እኔ! ተውኩት!

አንተ ግን አልተውክም። ለአረፋ በዓል ስትደውል በደስታ ታሪኩን ነገረችህ። አንተ ምን አልካት? ገልብጠሽ ነው ያነበብሽው የኔ ሞኝ፣ ከግራ ጀምሪ፣ አባትየው መጨረሻ ላይ የለም። ስፒከር ላይ ነበርክ፣ ሁላችንም ሰማን። ይሄ ሳያንስ፣ ፍየሏ የባቡሩን ቲኬት የምትበላበት ገጽ ላይ ስትደርሺ በሳቅ መሬት ላይ ነው የምትንከባለይው አልካት።

ወንድሜ፣ አንተ በሕይወትህ አንብበህ የጨረስከው መጽሐፍ የለም። ማነው የተንከባለለው?

ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ። የልጅቷን ቀሚስስ በአረንጓዴ እርሳስ የቀባው ማነው? ዱኒያ ጠይቃኝ ነበር። መጽሐፍ ሻጮቹ ናቸው፣ ለማሳመር ነው ብዬ ዋሸኋት። ማርያን አጠገባችን ነበረች። ቀለሙን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሰኝ ብላለች። እኔ ምን አውቃለሁ።

ከስልኩ በኋላ ዱኒያ መጽሐፉን ከግራ አነበበችው። አንዴ። ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ማንበብ ተወች። ውሪው መጥቶ ባጃጁን ይከባል፣ ዱኒያ ነይ ይላል፤ እሷ ከቤት ውስጥ ሆና አልቋል ትላለች። ድሬ ውስጥ ሥዕል ከቀኝ ነው የሚነበበው፣ አባትሽ አገሩን ረስቶ ነው ብዬ ማልኩላት። ያረጀ አህያ እንደሚታይ አየችኝ። ቢቸግረኝ እኔ ራሴ ላንብብላቸው ብዬ ተነሳሁ፤ የጎረቤት ልጅ ኑርሀን፣ የወለቀው የፊት ጥርሷ እንኳ ገና ያልበቀለው፣ ሁሉም ፊት አነባበቤን አረመችኝ። አየህ በማን ምክንያት እንደተዋረድኩ?

ትናንት ልጅህ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በክር አስራ አመጣችልኝ። ለአባዬ መልስለት አለችኝ። ለምን? አልኳት። ባለቤቱ ይፈልገው ይሆናል አለች።

ወላሂ እኔ አልነገርኳትም። ማርያንም አልነገረቻትም።

ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ከንግዲህ መጽሐፍ ከላክህ ማንም ያልገለጠው አዲስ ይሁን። አለዚያ ባዶ እጅህን ና።

ዛሬ ቀን ደግሞ ዱኒያ ባጃጁ ላይ ወጣች። መጽሐፍ አልያዘችም። ከራሷ ጭንቅላት አንድ ታሪክ ጀመረችላቸው፣ ውሪው አፉን ከፍቶ ሲሰማ ዋለ። እኔም ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር። አባት የለበትም። አጎት ግን አለ፤ ባጃጅ ይነዳል፣ ውሸታም ነው፣ ሁልጊዜ ቤት ይገባል።

አላህ ከብርዱ ይጠብቅህ። እዚያ ያሉህንም ልጆች ሁሉ ያሳድግልህ፣ እነሱ ምን አጠፉ።

የዱኒያ አጎት