ሁለቱም ነጭ ነበሩ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ይድረስ ለልጄ፣ ለሆዴ፤

እንዴት ሰነበትክ? የእህትህ መርዶ የመጣ ቀን በሩን ያንኳኳው የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ነበር። እሷ ባስተማረችበት ሦስት ዓመት አንድ ቀን ደጃችንን ያልረገጠ ሰው ጫማውን ደጋግሞ ሲጠርግ ሳየው፣ ሳይናገር ገባኝ። «መምህርታችንን መኪና ትንሽ ገጨት አድርጓት ነበር» አለኝ። ትንሽ አለ። ሞትን እንኳ አሳንሶ ነው የሚያመጣው።

ይኼ ሰው ነው እንግዲህ፣ ለክፍሏ ኬሚካል እንዲገዛላት ስትለምነው «ዱቄት ከዱቄት መቀላቀል ካማረሽ ወፍጮ ቤት ተቀጠሪ» ያላት። ራሷ ገዛችው።

ባለፈው ዓርብ ለመታሰቢያዋ ተማሪዎቹን ሰበሰበና «የምትወደውን ሙከራ እኔው አሳያችኋለሁ» ብሎ ተነሣ። ነገሩ ሁለት ነጭ ዱቄት ነው፤ ውሃ ሳይነካቸው ባንድ ብልቃጥ ከድነው ሲነቀንቋቸው ቢጫ ይሆናሉ። የእሷን ጋውን ለበሰ፤ ትከሻው ላይ ተተረተረ። ቅቤ የሚወጣው ይመስል ናጠው። ነጭ ነው። «ትዕግሥት የሳይንስ እናት ናት» አለ፣ እያላበው።

ከኋላ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ሁለቱንም ማንኪያ ከአንድ ጠርሙስ ነው የጨለፉት» አለችው። ልጆቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑት። ሦስት ዓመት ሙሉ የናቀውን ነገር አንዱን ከሌላው አይለይም። ዕውቀት ከጋውኑ ጋር የሚለበስ መስሎታል።

እኔም ተጠርቼ ከፊት ተቀምጬ ነበርና፣ ተነሥቼ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። «እናታችን፣ ይቀመጡ፣ መርዝ ነው» አለኝ። «አውቃለሁ፤ ይልቅ አንተ ራቅ በል» አልኩት። ከየጠርሙሱ አንድ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ክዳኑ፣ ከዚያ መነቅነቅ። እህትህ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ስትለማመድ ጮክ ብላ ትናገረው ስለነበር በቃሌ ይዤዋለሁ።

ቢጫ ሆነ፤ የእንቁላል አስኳል በለው። ዳይሬክተሩ ዝም አለ፤ በሕይወቱ የሠራው ደግ ነገር ይኼ ብቻ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ «አቤት ጎበዝ እናት» ይለኛል። ላንተ ግን አልዋሽም። «እማዬ፣ ነይ እዪ» ስትለኝ፣ ልብስ እያጠብኩ «ሰማሁሽ» እላት ነበር እንጂ ዞር ብዬ አላየሁም። ቢጫውን ገና ዓርብ ዕለት ማየቴ ነው።

ብልቃጡ እንደተከደነ መደርደሪያው ላይ አለ። ወደ ነጭነቱ አይመለስም።

ብርድ ከሆነ ልብስ ደርብ። ዕድሜዋን ላንተ ይጨምርልህ። ይህን ደብዳቤ አብረውህ ለሚኖሩትም አንብብላቸው፤ እኔን አታመስግኑኝ፣ የምታነቡም የምትሰሙም ለእሷ ነፍስ ጸልዩላት።

እናትህ